አንጀት ሲቆስል ምን እንብላ?

በዚህ እትማችን ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን፣ ለሰው ለመናገር ግን የሚያፍርበትን አንድ ሕመም ይዘን ቀርበናል።

እንደሚታወቀው በስደት ላይ "ሆዴን" የማይል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ካርቱም በነበርንባቸው ዓመታት በዴምም ሆነ በጅሬፍ የአንዱ ወሬ "አሜባ ያዘኝ"፣ የሌላው ደግሞ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ነበር። አብዛኛውም እውነት ነው። ውኃው፣ ሙቀቱና የመንገድ ዳር ምግቡ ተባብረው ሆድ ያበላሻሉ። ነገር ግን ከመካከላችን የአሜባ መድኃኒት በየወሩ እየዋጠ የማይሻለው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወራት ሙሉ የሚያመላልሰው፣ ልብሱ እየሰፋበት የሚሄድ ሰው ነበር። ጎረቤቱም "ቡዳ በልቶት ነው"፣ አለዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ በሽታ ይዞት ይሆናል" እያለ ያማዋል። እንዲህ ከሚሰቃዩት ውስጥ የአንዳንዶቹ ችግር ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት የሚባለው በሽታ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ብዙዎቻችን ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተበተንን። በጨጓራና አንጀት ሕክምና ስሙ ይጠራ የነበረውን የኢብን ሲና ሆስፒታልን የመሳሰሉ ቦታዎች ይከታተሉ የነበሩ ሕመምተኞችም ከሐኪማቸው ተለዩ። ሐኪም ይራቅ እንጂ የምግብ ሰዓት በቀን ሦስቴ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንጀቱ የቆሰለ ሰው በራሽን እህልና ከሱቅ በሚገኘው ነገር እንዴት አድርጎ በልቶ ይኑር?

በሽታው ምንድን ነው?

ሰውነታችን ከተሕዋስያን የሚጠብቀን የመከላከያ ኃይል አለው። በዚህ በሽታ ይህ ኃይል ይሳሳትና የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ይዋጋል። አንጀቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ሲሆን ትልቁን አንጀት ብቻ ይይዛል፤ ከፊንጢጣ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለዚህ በሽታ ጽፈው ነበር። ሁለተኛው ክሮንስ ይባላል፤ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የትንሹን አንጀት መጨረሻ ይይዛል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ስለ በሽታው ከጻፉት ከዶክተር ቡሪል ክሮን ነው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት ወይም በአንድ አልጋ በመተኛት አይይዝም። ቡዳም እርግማንም አይደለም። ደግሞም ይመጣል፣ ይሄዳል። ለወራት ተኝቶ ይቆይና ድንገት ይነሳል። እስከ ዛሬ ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት አልተገኘም፤ ነገር ግን በመድኃኒትና በጥንቃቄ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል።

አሜባ ነው ወይስ ሌላ?

ምልክቶቹ ከአራት ሳምንት በላይ የሚቆይ ተቅማጥ፣ ደምና ንፍጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ሽንት ቤት ደርሶ ምንም ሳይወጣ ማማጥ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካምና አንዳንዴም የመገጣጠሚያ ሕመም ናቸው። ይሁን እንጂ አሜባና ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያም ደም ያስቀምጣሉ። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ከክሮንስ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሐኪሞችን ሳይቀር ያደናግራል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ፤ ሁለቱም ያስጎዳሉ። የመጀመሪያው ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል እየገዙ ደጋግሞ መዋጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ለእገሌ ሠርቶለታል" ተብሎ ፕሬድኒሶሎን መውሰድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ብግነትን ያበርዳል፤ ሕመሙ አሜባ ወይም ቲቢ ከሆነ ግን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም በሽታውን ያባብሰዋል። ስለዚህ ሰገራ ከአንድ ጊዜ በላይ በተለያየ ቀን ይመርመር፤ የደም ማነስና የቲቢ ምርመራም ይደረግ። በመጨረሻም የሚለየው በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በኮሎኖስኮፒ ነው። ይህ በካምፕ ክሊኒክ የሚሠራ ምርመራ ስላልሆነ የሪፈር ወረቀት ይጠይቃል። ለሐኪሙ ስንነግር "ሆዴን ያመኛል" ብቻ አንበል፤ ስንት ሳምንት እንደሆነው፣ በቀን ስንቴ እንደሚያስቀምጠን፣ ደም መኖሩን በግልጽ እንናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

በሽታው ሲነሳ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ይህን በሽታ የሚያመጣ አንድ የተለየ ምግብ አልተገኘም፤ የሚያድን ምግብም የለም። ምግብ የሚረዳው ቁስሉን ባለመቀስቀስና ሰውነት እንዳይከሳ በማድረግ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ የሚጎዳው ግን በሌላ መንገድ ነው። ሲበላ ስለሚያመው መብላቱን ይተዋል፤ ሲተው ደም ያንሰዋል፤ ጉልበት ያጣል፤ ቁስሉም የሚድንበት አቅም አያገኝም።

በሽታው በተነሳ ጊዜ ገለባና ፍሬ የሌለበት፣ የለሰለሰ፣ ቅመሙ የቀለለ ምግብ ይሻላል። ሩዝ፣ ልጣጩ የተነሳ ቅቅል ድንች፣ ዱባና ካሮት፣ የበሰለ ሙዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ የዶሮ መረቅ ከነሥጋው፣ ከተገኘም የአባይ ዓሣ፣ ቡልጢው፣ ሳይጠበስ ተቀቅሎ ጥሩ ነው። ሱዳኖች ከተቦካ የማሽላ ሊጥ የሚሠሩት ቀጭን አጥሚት፣ ነሻ የሚሉት፣ በወንፊት የተጠለለ እንደሆነ ለሆድ ቀላል ነው። ወተት ብዙ ሰው ላይ ይነፋል፤ ዘባዲ ወይም የኛ እርጎ ግን ስኳሩ በመቦካት ስለሚቀንስ ብዙዎችን ይስማማቸዋል። ንጹሕ መሆኑ የተረጋገጠውን በትንሹ መሞከር ነው።

የሚቀርስ? በርበሬ፣ ሚጥሚጣና የሱዳን ሸጣ ለጊዜው ይቅሩ። ጣዕሚያና ሌላም በዘይት የተጠበሰ፣ ጥሬ ጅርጅርና ሰላጣ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ፍሬው የበዛ ዘይቱን፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ዝንጅብል የበዛበት የጀበና ቡና፣ ዓረቄ ይቅሩ። ፉል እንወዳለን፤ ግን ልጣጩ ለቆሰለ አንጀት ከባድ ነው። ካልቀረ ልጣጩን ፈልፍሎ፣ አድቅቆ፣ በትንሽ ዘይት መብላት ይሻላል። ሻይ ቤት ስንቀመጥም ስኳሩን እናስቀንስ፤ የበዛ ስኳር ተቅማጥ ይጨምራል።

እንጀራስ ለምትሉን፣ የጤፍም ሆነ የማሽላ እንጀራ ገለባ አለው። ሕመሙ በበረታባቸው ቀናት በሩዝ ወይም በነጭ ዳቦ መተካት፣ ሲቀል ደግሞ በግማሽ እንጀራ መጀመር ነው። ሽሮም በርበሬ የሌለበት አልጫ ሆኖ፣ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ በስሎ፣ ቀጥኖ ይሠራ። ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት አምስት ስድስት ጊዜ በጥቂቱ መብላት ለቆሰለ አንጀት ይቀለዋል።

ጋብ ሲል

አንዳንድ ሰው በሽታው ከተኛለት በኋላም ሩዝና ድንች ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ልክ አይደለም። አንጀቱ ሲያርፍ አትክልት፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ ቀስ በቀስ መመለስ አለባቸው። ዘዴው ቀላል ነው፦ አንድ አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ፣ በትንሽ መጠን፣ ለሦስት ቀን። ካልጎዳ ይቀጥላል፤ ከጎዳ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ እንደገና ይሞከራል።

ለዚህም አንድ የልጆች ደብተር በቂ ነው። ገጹን በሦስት መስመር ከፍሎ በአንዱ የበላነውን፣ በሁለተኛው ሆድ ምን እንዳለ፣ በሦስተኛው በቀን ስንቴ እንደወጣን መጻፍ ነው። ከአንድ ወር በኋላ የራሳችንን ሆድ ጠባይ እናውቃለን። ለአንዱ የሚስማማው ምስር ሌላውን ይነፋልና "እገሊት ይህን ትበላለች" ብሎ መከተል አይሠራም። ደብተሩ ለሐኪምም ትልቅ ማስረጃ ነው።

ክሮንስ ያለባቸውና ሐኪም "አንጀትህ ጠቧል" ያላቸው ሰዎች ግን ሲሻላቸውም ቢሆን ከቆሎ፣ ከበቆሎ እሸት፣ ከጠንካራ ሥጋና ከብርቱካን ገለፈት ይጠንቀቁ። በጠበበው ቦታ ላይ ይወተፋል።

ደም ማነስ የዚህ በሽታ ጓደኛ ነው። ጉበትና ቀይ ሥጋ ሲገኝ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጡ። ሙሉኪያና ሪጅላ የሚባሉት የሱዳን ቅጠሎች በደንብ በስለው በሙላህ መልክ ሲቀርቡ ደም ለመተካት የሚያግዘውን ፎሊክ አሲድ ይሰጣሉ። ደኩዋ፣ ማለትም የደቀቀው የለውዝ ቅባት፣ ከጥሬው ለውዝ ይልቅ ለሆድ ይቀላል፤ ኃይልም ይሰጣል።

የታሸገ ብስኩት፣ ኢንዶሚና ለስላሳ በየሱቁ ሞልቷል፤ ልጆቻችንም ለምደውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነና 21 አገሮችን ያካተተ ጥናት በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ የሚያዘወትሩ ሰዎች በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ገንዘብ ካለ ከብስኩቱ እንቁላሉ ይሻላል።

ከራሽኑ ምን እንሥራ?

"ዶሮና ዓሣ ከየት ይመጣል?" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። በብዙ ካምፖች የሚታደለው ማሽላ፣ ምስር ወይም የአተር ክክ፣ ዘይትና ጨው ነው። እሱም ቢሆን የሚቀንስበት፣ የሚዘገይበት ወር አለ። ታዲያ ያለችውን ለሕመምተኛው በሚስማማ መንገድ መሥራት ይቻላል።

ማሽላው ይሸክሸክ፤ ከተፈጨ በኋላ በጠባብ ወንፊት ይነፋ። አንድ ሌሊት ማቡካት ለመፈጨት ያቀለዋል። ከዚያ ገንፎ ወይም አጥሚት ሆኖ ጥሩ አድርጎ ይብሰል። ኪስራም ከተቦካ የማሽላ ሊጥ የሚጋገር ስስ ምግብ ስለሆነ ዱቄቱ በደንብ ከተነፋ ለአንዳንዱ ከወፍራም እንጀራ ይሻላል። ክኩ ማታ ይዘፍዘፍ፤ ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ እስኪቀልጥ ይቀቀል፤ ከዚያ በማንኪያ እየተጨመቀ በወንፊት ይለፍ። መንፋቱን በጣም ይቀንሳል። ዘይቱን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ በየሳህኑ አንድ ማንኪያ ማድረግ ኃይል ይጨምራል፤ ሆድም አያበላሽም። ራሽኑ በጥሬ ገንዘብ በሚሰጥበት ካምፕ ደግሞ ለሕመምተኛው መጀመሪያ ሩዝ፣ እንቁላልና ድንች ማሰብ ያዋጣል።

የተለየ ድስት የመጣድ አቅም በሁላችንም ቤት የለም፤ ማገዶም ውድ ነው። ስለዚህ ወጡ መጀመሪያ አልጫ ሆኖ ይሠራ። የሕመምተኛው ድርሻ ከወጣ በኋላ ለቀረው ቤተሰብ በርበሬው ይጨመር። በአንድ ድስት ሁለት ወጥ ማለት ይህ ነው።

ማዕድና ጾም

በባህላችን አብሮ መብላት ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ "ብላ እንጂ! አፈር ስሆን!" እያልን የምናጎርሰው በሚጥሚጣ የተለወሰ ጉርሻ ለታመመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ መከራ ይሆንበታል። "አልበላም" ያለ ሁሉ ኮርቶ ወይም ተቀይሞ አይደለም። ሕመምተኛውም ተደብቆ ከሚበላ "ሐኪም ከልክሎኛል" ይበል፤ ነውር የለውም።

ጾም የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። በዐቢይ ጾም እንቁላል፣ እርጎና ሥጋ ስለሚቀሩ በሽታው የተነሳበት ሰው የሚበላው ነገር ይጠፋዋል። የታመመ ሰው ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ቢያስረዳ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ቦታ አላት። በእስልምናም በረመዳን የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ፣ የማይድን ሕመም ከሆነም ድሃ እንዲያበላ ተፈቅዶለታል። "ቢገድለኝም እጾማለሁ" ከማለት በፊት አባቶችንና ሼኮችን ማማከር ይገባል። መጾም የሚችል ሰውም ሲፈታ በአንድ ጊዜ ሆዱን አይሙላ፤ በአጥሚት ወይም በሾርባ ይጀምር።

ውኃ፣ ሙቀትና የባህል መድኃኒት

በካርቱምም ሆነ በካምፖቻችን በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ተቅማጥ ያለበት ሰው በላብም በሆዱም ውኃ ያጣል። ክሊኒክ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለጥ ያለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው። ልኩ አይዛባ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። የዚር ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጣሳ ስለሚቀዳው ለቆሰለ አንጀት የተፈላ ወይም በክሎሪን የታከመ ውኃ ለብቻ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2024 በሱዳን ኮሌራ መግባቱ መታወጁን፣ ገዳሪፍና ከሰላም እንደተጎዱ አንርሳ። እንደ ውኃ የሚወርድ ድንገተኛ ተቅማጥ ሲመጣ "የዱሮው በሽታዬ ነው" ብሎ መተኛት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ መሮጥ ነው።

ሱዳኖች ለተቅማጥ ጎንጎሌስ፣ የተበልዲን ዛፍ ፍሬ፣ በጥብጠው ይጠጣሉ። ለቀላል ተቅማጥ አይከፋም፤ የቆሰለን አንጀት ግን አያድንም። አረዴብ የሚሉት ሁመር ደግሞ ስለሚያስቀምጥ ለዚህ ሕመምተኛ አይሆንም። የኛም ፌጦ ያቃጥላል፣ ኮሶ አንጀት ይገለብጣል፤ በሽታው በተነሳበት ሰው ላይ አይሞከሩ።

መድኃኒት የሚወስዱ

ሰልፋሳላዚን ለዚህ በሽታ ከሚሰጡ የቆዩ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውኃ ይወሰዳል። ሽንት ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፤ ከመድኃኒቱ ነው። የፎሊክ አሲድ ክኒን አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው በአንድ ቀን አያቋርጥ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስለታል። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክሊኒክ ይንገር። ለራስ ምታትና ለጀርባ ሕመም የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በሽታውን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ በፓራሲታሞል ይተኩ። ሲጋራ ክሮንስን ያብሳል። የሕክምና ካርድና የመድኃኒት ስም የተጻፈበት ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከስደተኛ መታወቂያችን ጋር ይቀመጥ፤ ከካርቱም ስንወጣ ወረቀቱ የቀረበት ሰው ሕክምናውን ከ "ሀ" መጀመር ነበረበት።

በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከፈጣን የልብ ምት ጋር ከመጣ፣ ሆድ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ ወይም ትውከት ኖሮ ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይኬድ። ያን ጊዜ ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን፣ ሎፐራማይድ የሚባለውን፣ መዋጥ አደገኛ ነው።

ልጆቻችን

ይህ በሽታ ልጆችንም ይይዛል። የልጁ ምልክት አንዳንዴ ተቅማጥ ሳይሆን ከእኩዮቹ ማጠር፣ መክሳትና መፍዘዝ ነው። ታናሽ ወንድሙ ከበለጠው፣ የአምናው ሱሪ ዘንድሮም ልኩ ከሆነ ወላጅ ይጠይቅ፤ ልጁም በየወሩ ክሊኒክ ይመዘን። እኛ መምህራን ደግሞ በክፍል ውስጥ እጁን ደጋግሞ የሚያወጣውን ልጅ "ለመጫወት ነው" ብለን ከመከልከል ሳያስፈቅድ እንዲወጣ በጎን ልንነግረው፣ በበሩ አጠገብም ልናስቀምጠው እንችላለን። ልጁ በጓደኞቹ ፊት ከተዋረደ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አይመለስም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ማሳየት ብቻውን ልጁን በትምህርቱ ላይ ሊያቆየው ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ቢያንስ ሦስቱን እንያዝ፦ አንድ ወር የቆየ ተቅማጥ ይመርመር፤ ሲነሳ የለሰለሰውን፣ ሲተኛ ሁሉንም በጥቂቱ እንብላ፤ የታመመውን ከማማት ለድስቱ እናስብለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በየብሎኩ ያሉ ሕመምተኞች ተዋውቀው አንዱ የሪፈር መኪና መቼ እንደሚሄድ፣ ሌላው መድኃኒት የት እንደሚገኝ ቢነጋገሩ ሸክሙ ይቀላል።

ቸር ያሰማን፤ ጤና ለሁላችን ይሁን።